የኤፐርኑ ክንዶች መወዛወዝ እንዴት እንደቀረ

ኤፐርን ማለት በእንግሊዝ ሀብታሞች ማዕድ መሃል ይቀመጥ የነበረ፣ ከግንዱ ዙሪያ በሚወጡ ክንዶች ላይ ትንንሽ የፍራፍሬና የጣፋጭ ሳህኖች የሚሸከም የብር ዕቃ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደኑ ቶማስ ፒትስ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነበር። የእኔ የእሱ እጅ ሥራ አይደለም፣ አቅሜም እዚያ አይደርስም።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ክንዶቹን ስሰካ ሁለቱ ይወዛወዛሉ፣ አንዱ ጭራሽ አልገባም ይላል። አንድ ጠጋኝ «በእርሳስ በይጄ ልገላግልህ» አለኝ። ወይ ፍንክች! አሮጌ ብር ላይ የእርሳስ ብየዳ ካረፈ ዋጋው ገደል ገባ ማለት ነው፣ ማስለቀቁም ሌላ ጣጣ።

መፍትሔው የተገኘው በማጉያ መነጽር ነው። ክንዶቹ ጫፍ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ነጥቦች አሉ፤ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት እያለ ይቀጥላል። ግንዱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አጠገብም እንደዚያው። ዕቃው በእጅ ስለተሠራ እያንዳንዱ ክንድ በደንብ የሚገጥመው ከራሱ ቀዳዳ ጋር ብቻ ነው፣ አንጥረኛው ምልክት ያደረገውም ለዚሁ ነው። ነጥቡን ከነጥቡ ሳገናኝ የሚወዛወዙት ቀጥ አሉ። እምቢ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ የደረቀ ሰም ነበር። በሙቅ ውሃ አለስልሼ በእንጨት ስንጥር አወጣሁት፤ ቢላ እንዳታስጠጉ፣ ብር ቶሎ ይጫራል።

እግረ መንገዴን የሚነቀለውን ክፍል ሁሉ አየሁ። የሚራመደው አንበሳ ማህተም፣ ማለትም ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው የሚለው፣ ሁሉም ላይ አለ። የአንዷ ሳህን የዓመት ፊደል፣ ማለትም ማህተሙ የተመታበትን ዓመት የሚናገረው ፊደል፣ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ኋላ የተተካች ናት።