ከድሮ አጥንት ዲኤንኤ አውጥቶ በዘር የሚመጣ የአጥንት በሽታን መለየት

ሱሉልታ ወይ ለገጣፎ ጋ ቤት ልትሰሩ መሰረት ስታስቆፍሩ የሰው አጥንት ከወጣ እባካችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፣ እንዳታጥቡት፣ የናንተ ዲኤንኤ ይገባበትና ይበላሻል፣ ለፖሊስና ለቅርስ ባለስልጣን ደውሉ። ሰው ነበር እኮ፣ ክብር ይገባዋል።

ላብራቶሪ ውስጥ የምትሰሩ ደግሞ ከመብሳታችሁ በፊት ፎቶና ሲቲ ስካን አንሱ። ዲኤንኤ ለማውጣት ምርጡ ውስጠኛውን ጆሮ የያዘው ጠጣር አጥንት ነው፣ ጋሞ ሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ጂኖምም (ሙሉ የዲኤንኤ መረጃው) የወጣው ከዚሁ ነው።

እጅና እግሩ በጣም አጭር ከሆነ ኤፍጂኤፍአር3 የሚባለውን ጂን፣ ተሰብሮ የዳነ ቦታ ከበዛበት አጥንት በቀላሉ እንዲሰበር ከሚያደርገው በሽታ ጋር የተያያዙትን ኮል1ኤ1 እና ኮል1ኤ2 የሚባሉትን ጂኖች እዩ። እዚህ ጋ ግን በጣም ተጠንቀቁ፣ አኮንድሮፕላዥያን (እጅና እግርን የሚያሳጥረውን በሽታ) አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በኤፍጂኤፍአር3 ላይ የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ከጂ ወደ ኤ መቀየር ነው፣ ዲኤንኤ ሲያረጅም ቁራጮቹ ጫፍ ላይ ልክ እንደዛ የሚመስል ለውጥ ይመጣል፣ ስለዚህ አንድ ሁለት ቁራጭ አይታችሁ አገኘነው እንዳትሉ፣ በዩዲጂ ኢንዛይም ጉዳቱን አጽዱና ለውጡ ከጫፍ ርቆ ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ቁራጮች ላይ ከታየ ያኔ እመኑት።