በትየባ ብዛት እጅዎ ሲደነዝዝ

ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስተይብ ውዬ ሌሊት ቀኝ እጄ ደንዝዞ ሲቀሰቅሰኝ፣ ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም ሁሉ ተጠያቂ የምናደርገውን ብርድ ጠርጥሬ፣ እጄን አራግፌ ተመልሼ እተኛ ነበር። ለካስ ማራገፉ ራሱ በእጅ አንጓ ውስጥ የተጨመቀ ነርቭ ምልክት ኖሯል።

ስለዚህ አስቀድመው የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ይለዩ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚው፣ የመሃሉና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆኑ፣ በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ከ9 ጅማቶች ጋር የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ግን ጣጣው ብዙውን ጊዜ ከክርን ነው፤ ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ መደገፍና ስልክ ይዞ ለረጅም ጊዜ ማጠፍ ይተዉ። ትየባ ብቻውን ጥፋተኛ ላይሆንም ይችላል፤ የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና እርግዝናም ነርቩን ለዚህ ያጋልጡታል።

ከሞከርኳቸው ሁሉ የጠቀመኝ የሌሊት ድጋፍ፣ ማለትም አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መታሰሪያ ነው። ስንተኛ አንጓችንን ሳናውቀው እናጥፋለን፤ ይህም መተላለፊያውን ይበልጥ ያጠብበዋል። የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥበት ገዝተው፣ አንጓው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ ቀጥ እንዲል አድርገው፣ ሳያጠብቁ በየሌሊቱ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት አስረውት ይተኙ። በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የአጻጻፍ ልማድዎን ይፈትሹ። አማርኛውን በላቲን ፊደላት ድምፅ በምንተይብበት አሠራር «ሰላም» ለሚሉት ሦስት ፊደላት አምስት ቁልፍ እንመታለን፤ ለጠ፣ ለጨና ለኘ ደግሞ ሺፍት ይጨመራል። ሺፍቱንና ፊደሉን በአንድ እጅ ለመያዝ ጣትዎን ከመለጠጥ ይልቅ ሺፍቱን በሌላኛው እጅ ይጫኑ። በዊንዶውስ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫኑ የሚመጣውና አብዛኞቻችን ተናደን የምንዘጋው መልእክት፣ ሺፍቱን ለቀው ፊደሉን ብቻውን እንዲመቱ የሚያስችል አማራጭ ነው፤ አሁን ይፍቀዱለት። ረዘም ያለ ረቂቅ ሲሆን በስልክ በድምፅ ያስጽፉና እርማቱን ብቻ በእጅዎ ይሥሩ፤ የጉግል የድምፅ መጻፊያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይሰማል።

ላፕቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ በመጻሕፍት ከፍ አድርገው ሌላ ኪቦርድ ይሰኩ፤ ኪቦርዱ በክርንዎ ከፍታ ላይ ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እጅዎን ያሳርፉ፤ ዕረፍቱን ግን ስልክ በመነካካት አያሳልፉት።

የደነዘዘ አንጓን ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸት አልመክርም፤ የተጨመቀ ነርቭ ሲታሽ ሊብስበት ይችላል። ስኒ ከእጅዎ የሚያመልጥ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅት፣ ወይም ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ የሚሟሽሽ ከሆነ ቤት ውስጥ መሞከሩን ትተው የነርቭ ወይም የአጥንት ሐኪም ያማክሩ፤ በዚህ ደረጃ መርፌ ወይም ነርቩን የሚያላቅቅ አጭር ቀዶ ሕክምና ሊታዘዝልዎ ይችላል።