ዳይሬክተሮች ጀምረው የተዉዋቸውን ፊልሞች እንዴት እናጥና

መጀመሪያ ፕሮጀክቱ የት ደርሶ እንደቆመ ለዩ፣ ዳይሬክተሩ ኢንተርቪው ላይ "ይሄን ብሰራ ደስ ይለኛል" ያለው ሀሳብና ስክሪፕት ተፅፎለት ሎኬሽን የታየለት ፊልም አንድ አይደሉም፣ ብዙ ሰው ግን ቀላቅሎ ነው የሚያወራው።

ከዛ ወረቀቱን ፈልጉ፦ ስክሪፕት፣ ስቶሪቦርድ (ትእይንቶቹ በስዕል የተነደፉበት)፣ ደብዳቤ፣ በጀት። ለዚህ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ስለ ፈረንሳዩ ንጉሰ ነገስት ሊሰራው የነበረውን ናፖሊዮን የሚያክል የለም። ሰውየው በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ነው) ለዚህ ፊልም በመቶ የሚቆጠር መፅሀፍ አገላብጧል፣ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ሰብስቧል፣ ስክሪፕቱንም ጨርሶ ነበር፣ ግን ወጪው ስቱዲዮዎቹን አስፈራቸው፣ በ1970 የወጣው ሌላ የናፖሊዮን ፊልም ዋተርሉ ደግሞ ገበያ ላይ ሲወድቅ ነገሩ አበቃለት። የኩብሪክ አርካይቭ አሁን ለንደን የአርትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ጋ አትቁሙ! የተሰበሰበው ነገር የት ገባ ብላችሁ ጠይቁ፣ ለኔ ከሁሉም ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው። የኩብሪክ ጥናት ለ1975ቱ ፊልሙ ለባሪ ሊንደን ጠቅሞታል፣ የዳይሬክተር ሆዶሮቭስኪ ፊልም ዱን ደግሞ ሳይቀረፅ ቢቀርም ዲዛይን የሰራለት ሰዓሊው ጊገር በኋላ የ1979ኙን ፊልም የኤሊየንን ጭራቅ የፈጠረው ሰው ነው።

"ተሰርዟል" ብላችሁ ከመፃፋችሁ በፊት ግን አዲስ ዜና ቼክ አድርጉ፣ የዳይሬክተር ቴሪ ጊሊያም ዶን ኪሆቴ ፊልም በ2000 ቀረፃው ተቋርጦ በ2018 ወጥቷል።