«ተው፣ ትደፋዋለህ!»፦ ትንንሽ ልጆችን ቤት ውስጥ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ነው። ጅማ እንደ ልማዷ ከማለዳ ጀምሮ ታዘንባለች። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በሰፌድ ጥሬ ቡና እለቅማለሁ። አራት ዓመት የሞላው ልጄ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ትንሽ አየና እጁን ሰደድ አድርጎ አንድ እፍኝ ዘገነ። «ተው፣ ትደፋዋለህ!» አልኩት። ምንም ሳይል ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዶ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ደብተርና እርሳስ ይዤ «ና፣ ቁጥር እናጥና» ስለው እምቢ አለ። ተቆጣሁት፤ አለቀሰ። ማታ ካስተኛሁት በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ጠዋት ሊማር ራሱ መጥቶ ነበር። የሚቆጠረው ፍሬ፣ የሚለየው ጥቁርና ሙሉ፣ ለጣቱ የሚሆነው ሥራ፣ ሁሉም ሰፌዱ ላይ ነበር። እኔ ከዚያ አባርሬው ያንኑ ነገር በወረቀት ልሰጠው ፈለግኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴንም ጎረቤቶቼንም በደንብ ማየት ጀመርኩ። ስህተታችን ይመሳሰላል። የሚመጣው ደግሞ ከክፋት አይደለም፤ ልጃችን ቶሎ እንዲያውቅልን ከመጓጓት ነው።

ልጅን ከሥራ ማባረር

ከሁሉም ትልቁ ይሄ ስለሆነ አስቀደምኩት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ የአዋቂ ሥራ መሥራት ይወዳል። የመጫወቻ ድስት ብትገዙለትም ዓይኑ እናንተ ድስት ላይ ነው። ያንን ፍላጎት «ሂድ ተጫወት» እያልን ስንመልሰው ቆይተን፣ አድጎ «ና አግዘኝ» ስንለው አይመጣም።

መፍትሔው ድርሻውን መስጠት ነው። አሁን ቡና ስለቅም ለልጄ በትንሽ ሳህን አንድ እፍኝ እለይለታለሁ። ሙሉውን ወዲህ፣ የተሰበረውን ወዲያ፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩውንም ጣለው፣ ቆሻሻውንም ቀላቀለው። ዝም አልኩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጋትና «እማዬ፣ ይቺ ቀዳዳ አላት» አለኝ። ነቀዝ የበላት ነበረች። እኔ ሳላያት አልፌያታለሁ። ነገርን በመልክ፣ በመጠንና በቀለም መለየት የሒሳብ መነሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» የሚሉ ዛሬም አሉ። ነጭ ሽንኩርት የሚልጠው ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው። ሴቷን ሥራ እያስለመድን ወንዱን ስናባርር ሁለቱንም እንበድላለን፤ እሷን ሸክም እናበዛባታለን፣ እሱን ደግሞ እናጎድልበታለን።

ቤቱን ክፍል ማድረግ

ማስተማር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሰሌዳ፣ ጠመኔና ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። አሁን ባለው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ለመቀመጡ ይደርሳል። ለጊዜው የመማሪያ ሰዓት ማውጣት አያስፈልግም። ቀድሞም የሚሠራውን ሥራ መርጦ እሱን መጨመር ይበቃል፤ ልብስ ማጣጠፍ፣ ካልሲ ማጣመር፣ ሰሐን ማድረቅ። ካልሲ ማጣመር በተለይ ግሩም ነው። ቀለም፣ ልክና ጥንድ አንድ ላይ ይማርበታል።

ጥያቄ ማብዛት

«ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ? ያኛውስ?» እኔም እንዲህ ነበርኩ። ልጁ መልሱን እንደምናውቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ጨዋታው ፈተና ይሆንበታል። በፈተና ፈንታ ጨዋታ አምጡ፤ ወሬ ማለቴ ነው። የምትሠሩትን እየሠራችሁ ተናገሩ። «ቡናው ምጣዱ ላይ ሲገባ አረንጓዴ ነበር። አየኸው፣ ቢጫ እየሆነ ነው። ቆይ፣ አሁን ቡናማ ይሆናል። ሰማህ? መንጣጣት ጀመረ!» በዚህች ሁለት ደቂቃ ስንት ቃል እንደሰማ አስቡት። ቀለም፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም አለበት።

ስትጠይቁም የምር ጠይቁ። «ለምን የፈነዳ ይመስልሃል?» ካላችሁ በኋላ ታገሡ። እኔ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ያቺ ዝምታ ለእኛ ረጅም ናት። ልጁ ግን ቃሉን እየፈለገ ነው፤ ቶሎ መልሰንለት ካረፍን መፈለጉን ይተወዋል።

በአፍ መቁጠርን ከማወቅ መቁጠር

ልጄ እስከ ሃያ ይወርደው ነበር። እኔም ሒሳብ ጀመረ ብዬ ኮርቻለሁ። አንድ እሁድ ቡና ሲፈላ «አራት ሲኒ አምጣልኝ» አልኩት። ያሉትን ሲኒዎች ሁሉ ታቅፎ መጣ። «እስኪ እንቁጠራቸው» ስለው ጣቱ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ሳለ አፉ አምስት ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቁጥር ስሞችን በተርታ መጥራት እንደ ዘፈን ነው፤ በጆሮ ይያዛል። ለአንድ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ መስጠት ሌላ ችሎታ ነው። ከዚያም የሚከብደው አለ፤ መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት። ልጁ አምስት ሲኒ በትክክል ከቆጠረ በኋላ «ስንት ናቸው?» በሉት። እንደገና ከአንድ ከጀመረ ገና አልገባውም ማለት ነው። አይቆጡት፤ ብዙ ልጆች ይሄ የሚገባቸው አራተኛ ዓመታቸው አካባቢ ነው።

እኛ ያደረግነው ሲኒን በሰው ማደል ነው። «ይቺ የአባባ፣ ይቺ የአዴ፣ ይቺ የእኔ።» አዴ የሚላቸው ጎረቤታችንን ነው። ሲኒ ሲተርፍ «በዛ»፣ ሰው ሲተርፍ «አነሰ» ይላል። መደመርና መቀነስ እዚያው ገባ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደግሞ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛን አስተማሩልኝ። አንድ ቀን የተቀመጠባትን በርጩማ ገልብጦ እግሯን ቆጠረ፤ ሦስት። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው። «ወንበሩ አራት እግር አለው፤ ለምን ይወዛወዛል? በርጩማዋ ለምን አትወዛወዝም?» አለኝ። አብረን ወጣ ገባ ባለው ግቢያችን እየዞርን ሁለቱንም ሞከርናቸው። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ባይስተካከልም ሦስቱም እግሮቹ መሬት ይነካሉ። አራተኛው እግር ነው አየር ላይ የሚቀረው። የዚያን ቀን ደብተር አልከፈትንም።

እርሳስ ማስቸኮል

የሦስት ዓመት ልጅን እጅ ይዞ «ሀ» ማስጻፍ ልጁንም እናቱንም ያስለቅሳል። የእጁ አጥንትና ጡንቻ ገና እየጠነከረ ነው። መጀመሪያ ጣቱን የሚያጠነክር ሥራ ስጡት። የባቄላ እሸት መፈልፈል፣ በቆሎ መፈልፈል፣ ሊጥ ማሸት፣ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት። ዝናቡ ሲያባራ ግቢው ጭቃ ነው፤ ያ ደግሞ ጥሩ ሰሌዳ ነው። በእንጨት ትልቅ ትልቅ አድርጎ ይጫር።

ፊደልን በተመለከተ ሌላው ስህተታችን ሁሉንም በአንዴ ማስሸምደድ ነው። 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን እንኳ ይሄን ችግር ያውቁት ነበር። ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ የያዘ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ያነበንባል። ስለዚህ ተራውን አዘበራርቀው አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያሉ በአቡጊዳ ያስቆጥሩታል። እዚያ ላይ ዓይኑን ካልጣለ አይወጣውም።

እኔ የጀመርኩት በራሱ ስም መጀመሪያ ፊደል ነው። ከዚያ «ቡ»ን ከቡና ከረጢት ላይ አገኘናት። ከዚያ ባጃጅ ላይ፣ ከዚያ ሱቅ በር ላይ። አንድ ፊደል ለሁለት ሳምንት ብትቆይ ምንም አይደለም።

አንዱን ቋንቋ መከልከል

ይሄ የጅማ ወላጆች ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ግቢና ሰፈር ኦሮምኛ። አንዳንድ ሰው «ይደባለቅበታል» ብሎ አንዱን ይከለክላል። ልጄም ሲቀላቅል ደንግጬ አውቃለሁ፤ «እማዬ፣ ቢሻን ስጪኝ» ይለኝ ነበር። መቀላቀል ግን ሁለት ቋንቋ በሚሰማ ልጅ ላይ ያለ ነው፤ የመዘግየት ምልክት አይደለም። አልቆጣውም። «ውሃ ልስጥህ? እሺ» ብዬ በአማርኛ እመልስለታለሁ። ከአዴ ጋር ደግሞ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ የዶሮዎቻቸውን እንቁላል ይቆጥራል። በአንዱ ቋንቋ የገባው ቁጥር በሌላውም ይሠራለታል። የከተማችን የሱቅ ማስታወቂያዎችም በቁቤና በፊደል ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ልጁ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት እንዳለ ሳይነገረው ያያል።

ገበያ ላይ እየጎተቱ መሄድ

እዚህ ጅማ ያለችው ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያዋ የታወቀች ናት። ሐሙስ ገበያ ልጅ ይዞ መሄድ ያደክማል፣ አውቃለሁ። ግን ሁልጊዜ ቤት አትተዉት። ቸኩላችሁ የምትገዙበትን ቀን ተዉትና፣ ሁለት ነገር ብቻ የምትገዙበትን ቀን ይዛችሁት ውጡ። ከሁለት መደብ ቲማቲም የቱ እንደሚበልጥ እሱ ይምረጥ። በሁለት እጁ ሁለት አቮካዶ ያዙለትና የቱ እንደሚከብድ ይንገራችሁ። ሻጯ ምራቂ ስትጨምር «ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ?» በሉት። ብሩን ራሱ ይስጥ፣ መልሱንም ራሱ ይቀበል። «እንደምን ዋሉ» ማለትንም እዚያው ይለምዳል።

ስልክን ሞግዚት ማድረግ

ይሄ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ስክሪን አይመክርም። እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል፤ ካነሰም ይሻላል። ስልኩ ፊደል ቢዘምርም፣ ልጁ ለሚናገረው መልስ አይሰጠውም። ደክሟችሁ አንዳንዴ ብትሰጡት ራሳችሁን አትውቀሱ። ልማድ አይሁን እንጂ።

አደጋን መርሳት

ሥራ እንስጣቸው ስንል ሁሉንም ማለት አይደለም። የከሰል ምድጃውና የፈላው ጀበና አጠገብ ልጅ አይደርስም። እኛ ቤት ምድጃው ዙሪያ በጠመኔ መስመር አስምረናል፤ እሱ ከመስመሩ ውጭ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያያል። ክፍሉ በከሰል ጭስ እንዳይታፈን በርና መስኮት ይከፈታል። ታናሽ ካለችው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባቄላ፣ ሽምብራና የቡና ፍሬ ሦስት ዓመት ባልሞላው ልጅ ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። የእኔዋ ገና ዓመት ከመንፈቋ ናት፤ ስለዚህ ወንድሟ ቡና የሚለቅመው እሷ ስትተኛ ነው። ሲጨርስ ወለሉን አብረን እንጠርጋለን፤ የወደቀውን የሚፈልገው እሱ ነው።

እንግዳ ፊት ማስነበብ

«ና እስኪ ለአክስትህ ፊደል ቁጠርላት!» እኔም ብዬዋለሁ። ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገ። እኔ ደግሞ «ቤት ውስጥ'ኮ ያውቀዋል» እያልኩ አፈርኩ። የጎረቤት ልጅ ግጥም አድርጎ ቆጠረ፣ የእኔውም ሰማ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ፊደል ሲባል ጆሮውን ይይዝ ነበር። ስለዚህ ትቼዋለሁ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ረከቦቱን ሳወጣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ የገቡትን ሰዎች በጣቱ ይቆጥራል። ከዚያ ወደ ጓዳ ይሄድና ሲኒ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ይጎድለዋል፤ ተመልሶ ይጨምራል።