ከሶርስ ኮድ የሚጫን ዴብ ፓኬጅ እንዴት ይሠራል

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በምሠራበት አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የተጫነባቸው 14 ኮምፒውተሮች አሉ። ቀደም ሲል በሌላ የአማርኛ መተየቢያ እጃቸውን ያስለመዱ ሠልጣኞች አራት ነጥብ የሚያወጡበት ቁልፍ እዚህ ስለተለየባቸው፣ በመተየቢያው ውስጥ አንድ መስመር ጨምሬ ለሁሉም ማሽኖች ማዳረስ ነበረብኝ። ሥራው የአንድ መስመር ቢሆንም ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ አውርዶ፣ አስተካክሎና እንደገና ገንብቶ በሚጫን ፓኬጅ መልክ ማውጣትን ይጠይቃል። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

አብዛኛው መመሪያ «ኮንፊገር»፣ «ሜክ» እና «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» በሚሉ ሦስት ትእዛዞች ያበቃል («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል)። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነበር። የዚህ መንገድ ጣጣ የሚታየው ፕሮግራሙን ማስወገድ ሲፈለግ ነው፦ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ «ዩኤስአር ሎካል» በሚባለው ዳይሬክተሪ ሥር ይበተናሉ፤ የፓኬጅ አስተዳዳሪው ዲፒኬጂ ስለ መኖራቸው ስለማያውቅም አንድ በአንድ እያደኑ መሰረዝ ግድ ይሆናል። የዴቢያን የመጫኛ ፋይል የሆነው ዴብ ፓኬጅ ግን የፋይሎቹን ዝርዝር፣ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆችና የቨርዥን ቁጥሩን ይዞ ስለሚጓዝ በአንድ ትእዛዝ ይገባል፣ በአንድ ትእዛዝ ይወጣል። ለእኛ ደግሞ ዋናው ጥቅሙ ዳታ የሚበላው ማውረድ በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ ተከናውኖ የተቀሩት 13ቱ በፍላሽ መዳረሳቸው ነው።

ሥራው የሚጀምረው «ቢልድ-ኢሴንሻል»፣ «ዴቭስክሪፕትስ» እና «ፌክሩት» የተባሉትን ፓኬጆች፣ ፓኬጅ አውርዶ በሚጭነው በአፕት በመጫን ነው። ቀጥሎ በ«ኢቲሲ» ሥር በ«አፕት» ዳይሬክተሪ ውስጥ ያለውን «ሶርስስ ዶት ሊስት» የተባለ ፋይል ይክፈቱና «ዴብ-ኤስአርሲ» ብለው የሚጀምሩት መስመሮች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ከፊታቸው የመሰላል ምልክት (#) ካለ ያንሱትና «አፕት አፕዴት» ያድርጉ። እነዚህ መስመሮች ከሌሉ ሶርስ ኮድ አይወርድም።

የምሳሌያችን ፓኬጅ «ኤም17ኤን-ዲቢ» ይባላል፤ የበርካታ ቋንቋዎችን የመተየቢያ ሰንጠረዦች የያዘ ነው። «ሱዶ አፕት ቢልድ-ዴፕ» ብለው የፓኬጁን ስም ሲያስከትሉ ለግንባታው የሚያስፈልገው ሁሉ ይጫናል። «አፕት ሶርስ» የሚለውን ትእዛዝ ግን ያለ ሱዶ ያስኪዱት፤ በሱዶ ካወረዱት ፋይሎቹ የሩት፣ ማለትም የአስተዳዳሪው ንብረት ይሆኑና ለማረም ሲሞክሩ ፈቃድ የለዎትም ይባላሉ።

በወረደው ዳይሬክተሪ ውስጥ «ኤምአይኤም» የሚባል ፎልደር አለ፤ «ኤኤም-ሴራ» የሚለው የአማርኛው ሰንጠረዥ የሚገኘው እዚያ ነው። እያንዳንዱ መስመር በስተግራ የሚተየበውን የላቲን ፊደል፣ በስተቀኝ የሚወጣውን የግእዝ ፊደል ይዟል። ነባሩን መስመር ሳልነካ ሠልጣኞቹ የለመዱትን ቁልፍ የያዘ አንድ መስመር ከሥሩ ጨመርኩ። እርግጥ ነው፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ሰው የተስተካከለውን ፋይል በራሱ ሆም ውስጥ «ኤም17ኤን ዶት ዲ» በተባለው ስውር ፎልደር ቢያስቀምጠው ይበቃዋል፤ ፓኬጅ የሚያስፈልገው ማሽኑና ተጠቃሚው ሲበዛ ነው። ለውጡን ካስቀመጡ በኋላ «ዲፒኬጂ-ሶርስ» በሚለው ትእዛዝ ላይ «ኮሚት» የሚለውን አማራጭ ጨምረው ለለውጡ ስም ይስጡት። ይህን ሲያደርጉ ለውጡ በ«ዴቢያን» ፎልደር ሥር «ፓችስ» በሚለው ውስጥ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል።

አሁን የደረስነው እኔን ብዙ ዋጋ ወዳስከፈለኝ የቨርዥን ቁጥር ነው። የወረደው ፓኬጅ ቁጥር 1.8.0-3 ነው እንበል። ከሰረዙ በፊት ያለው የሶፍትዌሩ ደራሲዎች የሰጡት ሲሆን ከሰረዙ በኋላ ያለው የዴቢያን ነው። ቁጥሩን ሳይቀይሩ ቢገነቡት የእርስዎና የዴቢያኑ ፓኬጅ በስም የማይለዩ መንትዮች ይሆናሉ፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ የራስዎን ምልክት ማከል ይኖርብዎታል። ጥያቄው ምልክቱ በምን ይጀምር የሚለው ነው።

ከዚህ በፊት አንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያ በዚሁ መንገድ ገንብቼ በቁጥሩ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክትና የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል፣ ማለትም «+ጅማ1» ብዬ አከልኩ። ለዐይን ያምራል፤ ሠራም። ከአራት ወር በኋላ አንድ ማሽን ከአዲስ ስጭን የዚያ ማሽን ፒዲኤፍ ማንበቢያ ከሌሎቹ የተለየ ቁጥር ይዞ አገኘሁት። ከነባሮቹ በአንዱ ላይ «አፕት ፖሊሲ» ብዬ ስመለከት ከላይ የእኔ «+ጅማ1»፣ ከሥሩ ደግሞ የዴቢያን የደኅንነት ማሻሻያ «+ዴብ12ዩ1» ተደርድረዋል፤ አፕት የእኔን አዲሱ ነው ብሎ ስለያዘ ማሻሻያውን አንድም ቀን አልጫነውም። ምክንያቱ የላቲን ፊደል ተራ ብቻ ነበር፦ ሁለቱም በመደመር ምልክት ጀምረዋል፣ ከዚያ በኋላ «ዲ» ከ«ጄ» ስለሚቀድም የእኔው በለጠ። የከተማችን ስም በ«ኤ» ቢጀምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። አራት ወር ሙሉ ከኢንተርኔት የወረዱ ፋይሎች የደኅንነት ቀዳዳ ባለበት ፕሮግራም ሲከፈቱ ከርመዋል።

ዲፒኬጂ ሁለት ቁጥሮችን ሲያነጻጽር ፊደላትን ከሌሎች ምልክቶች ሁሉ ያሳንሳል፤ ብቸኛው ልዩነት ቲልዳ የምንለው የማዕበል ምልክት ሲሆን እሱ ከምንም ነገር፣ ከባዶም ጭምር ያንሳል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ያለ መደመር ምልክት የከተማችንን ስም በቀጥታ ከቁጥሩ ጋር ማጣበቅ ነው። «1.8.0-3ጅማ1» ከ«1.8.0-3» ይበልጣል፤ ከ«1.8.0-3+ዴብ12ዩ1» እና ከ«1.8.0-4» ግን ያንሳል። በቲልዳ ካያያዙት ደግሞ ከነባሩም ስለሚያንስ አፕት በመጀመሪያው ማሻሻያ ላይ በነባሩ ይተካዋል። በቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ከሁለት ነጥብ በፊት የሚጻፈውን፣ ኢፖክ የሚባለውን ቁጥር ፈጽሞ አይንኩት፤ አንዴ ከጨመሩት ዴቢያን የሚያወጣው ማንኛውም ቁጥር አይደርስበትም።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። «ዲሲኤች» የሚለው ትእዛዝ «ሎካል» ከሚል አማራጭና ከምልክትዎ ጋር ሲሰጥ ቁጥሩን በትክክለኛው ቅርጽ ያዘጋጅና ያደረጉትን ለውጥ እንዲጽፉ ይጋብዝዎታል። ለውጦቹና የቨርዥን ቁጥሩ የሚመዘገቡበትን «ቼንጅሎግ» የሚለውን ፋይል በራስዎ አርታኢ መክፈትን አልመክርም፤ አንድ ክፍት ቦታ ከጎደለ ግንባታው ሊበላሽ ይችላል። ለመተማመን «ዲፒኬጂ» ትእዛዝ ላይ «ኮምፔር-ቨርዥንስ» የሚለውን አማራጭ ጨምረው፣ የራስዎን ቁጥር፣ «ኤልቲ» የሚሉ («ያንሳል» ማለት ነው) ሁለት ፊደላትንና የማሻሻያውን ቁጥር በተከታታይ ይጻፉ። ትእዛዙ ምንም አይመልስም፤ መልሱ ያለው በመውጫ ኮዱ ውስጥ ነው። «ኤኮ» ብለው የዶላርና የጥያቄ ምልክት ሲያስከትሉ 0 ከወጣ የእርስዎ ያንሳል፣ ማለትም ማሻሻያው ሲመጣ ይገባል፤ 1 ከወጣ እኔ የሠራሁትን ስሕተት እየሠሩ ነው።

ከዚያ ከሶርስ ዳይሬክተሪው ሳይወጡ «ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ» የሚለውን ትእዛዝ «-ቢ»፣ «-ዩኤስ» እና «-ዩሲ» ከሚሉ አማራጮች ጋር ያስኪዱ። የመጀመሪያው የሚጫነው ፓኬጅ ብቻ እንዲሠራ፣ ሁለቱ ደግሞ የዲጂታል ፊርማ እንዳይጠየቅ ያደርጋሉ። የእኛ ምሳሌ ወዲያው ያልቃል። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ሲሆን ግን ግንባታው ሁሉንም የፕሮሰሰሩን ኮር በአንድ ጊዜ ለመጠቀም ስለሚሞክር 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ይታነቃል፤ «ዴብ ቢልድ ኦፕሽንስ» በሚለው ተለዋዋጭ ውስጥ «ፓራለል» 2 እንዲሆን አስቀድሞ መወሰን ይሻላል። የጅማ ክረምት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዝናቡ ሲበረታ መብራት ከጠፋ ግንባታው ከመሐሉ ይቋረጣል፤ ሲመለስ «-ኤንሲ» የሚል አማራጭ ከጨመሩበት የተሠራውን ሳያጸዳ ይቀጥላል። ከመቀጠልዎ በፊት ግን ስማቸው በ«ዶት ኦ» የሚያበቃ፣ መጠናቸው ዜሮ የሆነ ፋይሎችን ፈልገው ይሰርዙ፤ መብራቱ ሲጠፋ ገና ዲስክ ላይ ያልሰፈሩ ናቸው፣ ግንባታውን የሚያካሂደው ሜክ ግን ያለቁ መስለውት ያልፋቸዋል።

ያለቀው ዴብ ፋይል ከሶርስ ዳይሬክተሪው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይቀመጣል። «ዲፒኬጂ-ዴብ» በ«ኮንቴንትስ» አማራጭ ምን እንደያዘ ያሳያል። ሲጫን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ካሉ በኋላ ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብና ስላሽ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ አፕት ከኢንተርኔት ሊያመጣው ይፈልጋል። «ዲፒኬጂ -አይ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ነገር ግን የጎደለ ፓኬጅ ሲኖር ራሱ አያሟላም። ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረ ፕሮግራም የያዘ ፓኬጅ ከሆነ ደግሞ የሚጫንበት ማሽን ከተገነባበት ጋር አንድ ዓይነት የዴቢያን ቨርዥን እንዲኖረው ያድርጉ።

በመጨረሻ መተየቢያዎቹን የሚያስኬደው አይባስ እንደገና እንዲነሣ «አይባስ ሪስታርት» ሲደረግ አዲሱ ቁልፍ ይሠራል። ዴቢያን የፓኬጁን አዲስ ቁጥር ሲያወጣ የእኔ ለውጥ ይጠፋል፤ ይህን ለማስቀረት ፓኬጁን በ«ሆልድ» ማሰር ይቻላል፣ ነገር ግን ማሰር የደኅንነት ማሻሻያንም ስለሚያግድ አላደርገውም። ከ«ፓችስ» ፎልደር የቀዳሁት ባለ አንድ መስመር ፋይል በፍላሼ ላይ ስላለ አዲሱን ሶርስ አውርጄ እሱኑ ጨምሬበት እገነባለሁ።