እንጀራ በሌለ ቀን፦ አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ የወጥ ቤት ምክር

አሜሪካ እንደገባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ስለምታርፉ እንጀራ አይታጣም። ችግሩ የሚመጣው ሥራ ተጀምሮ፣ ቤት ተከራይታችሁ ለብቻችሁ ስትሆኑ ነው። ሺፍቱ ሌሊት ይሆናል። የሐበሻ ሱቅ ይርቃል፣ መኪና ገና አልተገዛም። እንጀራ በየቀኑ ልግዛ ቢባል ደግሞ ኪስ አይችለውም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው በርገርና ፒዛ ላይ ይወድቃል፤ ወይም ዳቦ በሻይ እያለ ቀኑን ይገፋል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጨጓራ ይነሳል፣ ሰውነት ይከብዳል፣ ገንዘቡም የት እንደገባ አይታወቅም።

የምመክራችሁ የጎረቤቶቻችሁን የቤት ምግብ እንድትማሩ ነው። በምትኖሩበት አካባቢ ሕንዱም፣ ሜክሲኮውም፣ ሊባኖሱም፣ ቻይናውም አለ። ሁሉም በዘወትር ቀን የሚበላው፣ በጥቂት ብር የሚሠራ ምግብ አለው። ሽንኩርት ማቁላላት ለሚያውቅ ሰው ግማሹ ሥራ ቀድሞ አልቋል። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ያው የምናውቀው ነው። የሚለየው አሠራሩ ነው።

ከሕንድ እንጀምር፤ ለአፋችን የሚቀርበው እሱ ነውና። መጀመሪያ የሕንድ ሱቅ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ቺካጎ ላይ የተከፈተው ፓቴል ብራዘርስ ዛሬ በብዙ ግዛቶች ቅርንጫፍ አለው፤ ትንንሾቹም በየሰፈሩ አሉ። ምስር ክክ፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላልና ሄል በትልልቅ ከረጢት ይሸጣሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ ከሚሸጠው ጋር ዋጋው አይገናኝም።

የመጀመሪያው ምግብ ዳል ይሁን። አንድ ኩባያ ቀይ ምስር ክክ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። በ3 ኩባያ ውሃ ጣዱትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩበት። ሲፈላ አረፋውን ግፈፉለት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይፈርሳል፤ ያኔ ጨው ይገባል። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። በትንሽ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጣል አድርጉበት። ዘይቱ በደንብ ግሎ ከሆነ ከሙኑ ወዲያው መንጣጣት ይጀምራል፤ ዝም ካለ ገና ነው። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ። የነጭ ሽንኩርቱ ጠርዝ ወርቅማ ማለት ሲጀምር አትዘግዩ፣ ካለፈ ይመራል። ከነዘይቱ ምስሩ ላይ ገልብጡት። ቸስ ሲል ወዲያው ክደኑትና 2 ደቂቃ ተዉት። ምስር ወጥ ላይ በርበሬው ቀድሞ ገብቶ ከሽንኩርቱ ጋር ይበስላል። እዚህ ግን ቅመሙ መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ሽታው ትኩስ እንደሆነ ሳህናችሁ ላይ ይደርሳል። ሎሚ ጭመቁበት፣ በሩዝ ብሉት። በዘይት እስከሠራችሁት ድረስ የጾም ነው።

እዚያው ሱቅ ቤሰን የሚባል የሽምብራ ዱቄት አለ። ሽሮ ያለቀባቸው ሰዎች ገዝተው እንደ ሽሮ ይሠሩትና ጥሬ ጥሬ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽሮ ተቆልቶ ቅመም ገብቶበት የተፈጨ ነው፣ ቤሰን ግን በአብዛኛው ጥሬው ነው የሚፈጨው። ለሽሮ ካሰባችሁት በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ ሽታው እስኪቀየር እያማሰላችሁ ቁሉት። ከዚያ በኋላ በርበሬውን ይቀበላል። እኔ ግን ቤሰንን በጣም የምወደው ሕንዶቹ ቺላ በሚሉት ቂጣ ነው። አንድ ኩባያ ቤሰን፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ውሃ ገደማ፣ ደቀቅ ያለ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እርድና ጨው ቀላቅላችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉት። ዘይት በተቀባ መጥበሻ ላይ አሳስታችሁ አፍስሱ፤ በእያንዳንዱ ጎን 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጠዋት እየሮጡ ሥራ ለሚገቡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የጾም ቁርስ አላውቅም።

ቤይሩት ሠርታችሁ ከነበረ ሙጀደራን ታውቁታላችሁ። ሊባኖስ፣ ሶርያና ፍልስጤም ውስጥ በየቤቱ የሚበላ የምስርና የሩዝ ምግብ ነው። የአገሩ ክርስቲያኖችም በጾማቸው ወቅት ይሠሩታል። ጣዕሙ ያለው ሽንኩርቱ ላይ ነው። 3 ትልልቅ ሽንኩርት በቀጭኑ በረጅሙ ቁረጡና በግማሽ ኩባያ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት 25 ደቂቃ ያህል ጥበሱ። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ቁሌት የለመደ እጅ ቶሎ ሊያወርደው ይፈልጋል፤ ታገሱት። በሌላ ድስት አንድ ኩባያ ድፍን ምስር በ4 ኩባያ ውሃ 15 ደቂቃ ቀቅሉ። አንድ ኩባያ ሩዝ፣ ጨውና ትንሽ ከሙን ጨምሩበትና ከድናችሁ በዝቅተኛ እሳት 20 ደቂቃ ተዉት። የሽንኩርቱን ግማሽ ከነዘይቱ አዋህዱት፣ ግማሹን ከላይ በትኑበት። በፍስክ ቀን እርጎ፣ በጾም የቲማቲምና የኪያር ሰላጣ ይስማማዋል።

እንቁላል ላይ ብዙ አልቆይም። ስልስ መሥራት የምታውቁ ሻክሹካን ታውቃላችሁ ማለት ይቻላል። ስልሱን ትንሽ ቀጠን አድርጉት፣ በማንኪያ ጎድጎድ እያደረጋችሁ እንቁላሎቹን ስበሩበት፣ ከድናችሁ 6 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቻይናዎቹ ደግሞ እንቁላሉን ለብቻው ጠበስ አድርገው ያወጡታል። በዚያው መጥበሻ ቲማቲሙን በቁንጥር ስኳርና በጨው ካበሰሉ በኋላ እንቁላሉን ይመልሱታል። በነጭ ሩዝ ነው የሚበላው፤ ልጆች በጣም ይወዱታል።

የሜክሲኮ ሱቅ የሚጠቅማችሁ ለቦሎቄና ቶርቲላ ለሚባለው ስስ ቂጣ ነው። የበቆሎ ቶርቲላ በደረቅ መጥበሻ በየጎኑ 30 ሴኮንድ ሲነካው ይለሰልሳል። ቦሎቄ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ሎሚ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ለሥራ ቦታ ምሳ ምቹ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ተፈጭቶ በቆርቆሮ የታሸገ ቦሎቄና የስንዴ ቶርቲላ አንዳንዱ የአሳማ ስብ አለበት። ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ስለማይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ላርድ ወይም ማንቴካ የሚል ካለ መልሱት። ማንቴካ ቬጄታል የሚለው ከአትክልት ዘይት የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ደረቁን ቀይ ቦሎቄ የምትቀቅሉ ከሆነ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ እየተንፈቀፈቀ 30 ደቂቃ ይፍላ፤ ከዚያ እስኪበስል ቀጥሉ። ጥሬው ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዛማ ነገር አለ። ስሎው ኩከር የሚባለው ድስት ይህን የሚያጠፋ ሙቀት ላይ ላይደርስ ስለሚችል ጥሬውን እዚያ ውስጥ አትጨምሩ። በቆርቆሮ የታሸገው የበሰለ ነው፣ አጥቦ ማሞቅ ብቻ ነው።

ከአገር ቤት የለመዳችሁት የማብሰያ ሰዓትም ይቀየራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ፓስታውም፣ ሩዙም፣ ምስሩም ቶሎ ይበስላል። የአዲስ አበባውን ሰዓት ከጠበቃችሁ ፓስታው ይላሽቃል። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አንድ ቀንሳችሁ ቅመሱት። ዴንቨር የገባችሁ ግን 1,600 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማችሁም። ኦቭኑም በፋራናይት ነው የሚሠራው፤ 350 የሚለው 177 ሴልሺየስ ገደማ ነው።

አፓርትመንት ውስጥ ስታበስሉ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ ቀድማችሁ አብሩ፣ መስኮትም ክፈቱ። ሽንኩርት ሲያር የጭስ ማንቂያው ሕንፃውን ሙሉ ሊቀሰቅስ ይችላል። ብዙዎች ተናደው ባትሪውን ያወጡታል፤ እባካችሁ አታድርጉት፣ ሌሊት ነፍስ የሚያድነው እሱ ነው። ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አትድፉበት፤ ክዳን ግጠሙበትና ምድጃውን አጥፉ። የተረፈ ዘይት በመታጠቢያው ቧንቧ ከፈሰሰ ውስጥ ረግቶ ይዘጋዋል። በባዶ ቆርቆሮ አጠራቅማችሁ ከቆሻሻው ጋር ጣሉት።

ልጅ ካላችሁ ምሳ ዕቃ ውስጥ ኦቾሎኒ ከማድረጋችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። አለርጂ ላለባቸው ልጆች ሲሉ የሚከለክሉ ብዙ ናቸው።

አገር ቤት ወጥ ምድጃ ላይ ማሳደር ልማድ ነው። እዚህ ቤቱ ቀንም ሌሊትም ይሞቃል፣ ስለዚህ ምግቡ ቶሎ ይበላሻል። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ፍሪጅ ውስጥም ከ3 እስከ 4 ቀን ነው የሚቆየው። ሩዝ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ውጭ ካደረ ሩዝ የሚመጣውን የሆድ ሕመም ማሞቅ አያጠፋውም። በጊዜ ፍሪጅ የገባ ቀዝቃዛ ሩዝ ግን በማግስቱ በእንቁላል፣ በካሮትና በአኩሪ አተር ሶስ ሲጠበስ ከትኩሱ ይሻላል፣ አይጣበቅምና።

ኦፍ በሆናችሁበት ቀን አንድ ትልቅ ድስት ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩበት፣ በርበሬ ግን አታድርጉበት። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን እየለካችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሩት። ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ አንዱን አውጥታችሁ ድስት ላይ ጣሉት። ቲማቲም፣ እርድ፣ ከሙንና የቆርቆሮ ሽምብራ ሲገባበት በ20 ደቂቃ የሕንድ ሽምብራ ወጥ ይሆናል፤ የኮኮናት ወተት ካላችሁ በጾምም ይወፍርላችኋል። በርበሬና ምስር ከገባበት ደግሞ የእናንተው ወጥ ነው። ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፉ፣ በ3 ወር ውስጥም ጨርሱት።