ደብረ ብርሃን ላይ አልበስል ያለኝ ፍሪምባ

ከቅርጫ የደረሰኝ ያረጀ የእርሻ በሬ ፍሪምባ 3 ቀን አለፋኝ። 4 ሰዓት ሙሉ ቀቅዬው ጥርስ አልገባው አለ፤ ሳኝከው እንደ ጠፍር ይለጠጣል። እሳት ጨመርኩ፤ ውኃው ቶሎ አለቀ እንጂ ሥጋው ያው ነው። በማግስቱ ሎሚ ጨምቄበት አሳደርኩት። ላዩ ነጣ፣ ውስጡ አልተነካም።

በመጨረሻ የሚንተከተከው ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነከርኩ፦ 91 ዲግሪ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ 100 ሳይደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ቢቆሰቆስ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለውን ጅማት የሚያቀልጠው ደግሞ ሙቀት ነው።

የሠራልኝ ፕሬዠር ድስት ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሥጋውን በቡጢ መጠን ቆርጬ፣ ውኃ እስኪሸፍነው ጨምሬ ከደንኩት። ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ቀንሼ 50 ደቂቃ ተውኩት። ካጠፋሁም በኋላ እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ ጠበቅሁ። አደራ፣ ቸኩላችሁ እንዳትከፍቱት፤ ክፉኛ ያቃጥላል።

ስከፍተው ሥጋው በጣት ተፈለቀቀ። ሽንኩርትና በርበሬውን ለብቻ አቁላልቼ ከነመረቁ ገለበጥኩበት። የሽማግሌ በሬ ሥጋ ሲበስል እንዲህ የሚጣፍጥ አይመስለኝም ነበር።